እዚህ “ካፒቴን”፣ እዚያ ተማሪ!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አውሮፕላን ነው። “ደግሞ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው አውሮፕላን አዋቂ የሆንከው?” እንዳትሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኔ ከ12ኛ ክፍል ወዲህ የተፈተንኩት የመንጃ ፈቃድ ብቻ ነው፤ እሱንም ያለፍኩት በሁለተኛው ነው። ግን አንዲት አንባቢያችን የላከችልኝ ደብዳቤ አንድ የሰፈራችንን ልጅ አስታወሰኝና ዝም ማለት አቃተኝ።

ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል። “ዕድሜዬ 25 ነው። እጮኛዬ ፓይለት ነው። አሜሪካ ያሉት ወንድሞቹ ‘ና’ እያሉት ነው። እሱም ‘እንደደረስኩ ፈቃዴን እለውጥና በስድስት ወር ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ፤ ከዚያ አንቺን እወስድሻለሁ’ ይለኛል። ቤተሰቦቼ ግን ‘ከዚህ ሄዶ እዚያ አውሮፕላን ማን ይሰጠዋል?’ እያሉ ያስጨንቁኛል። እውነቱን ነው ወይስ እየሸነገለኝ ነው? ልጠብቀው?”

እህቴ፣ እጮኛሽ እየዋሸሽ ላይሆን ይችላል። ብዙ ፓይለት ራሱ እንደዚያ ነው የሚያምነው። የሰፈራችን ልጅም እንደዚያ ነበር የሚያምነው። እስቲ የሱን ላጫውትሽና ፍርዱን ራስሽ ስጪ።

ልጁ የታላቅ ወንድሜ ጓደኛ ነው። ዩኒፎርም ለብሶ ከታየባት ዕለት ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ስሙ “ካፒቴን” ሆኖ ቀረ። “ኧረ እኔ ረዳት አብራሪ ነኝ፣ ካፒቴን ለመባል ገና ዓመታት ይቀሩኛል” ቢል ማን ይስማው! እናቱማ ትከሻው ላይ ያሉት መስመሮች ስንት እንደሆኑና ስንት ሲሞሉ ምን እንደሚባል ለጎረቤት ሁሉ ቡና እያፈሉ ያስረዳሉ። ኪው 400 የምትባለዋን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ስድስት ዓመት በረረባት። ወደ 4 ሺህ ሰዓት አጠራቀመ። የሥልጠና ውሉን ጨረሰ፣ ዋስ የሆኑለትን አጎቱን ከጭንቀት ገላገለ። (ይህቺን ያዙልኝ! ዋስን ገደል ከትቶ የሚሄድ ስንት አለ መሰላችሁ።) ዲቪ ደረሰውና በ2010 ዓ.ም. ቨርጂኒያ ገባ። ፍቅረኛውን “በስድስት ወር” ብሏት ነበር። አያችሁ? ያቺው ስድስት ወር!

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። አብዛኞቻችን የፓይለት ፈቃድ ዓለም አቀፍ ይመስለናል። ሰማዩ አንድ አይደል? ግን “ዓለም አቀፍ የፓይለት ፈቃድ” የሚባል ነገር የለም። ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1944፣ ማለትም በኛ በ1937 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ 50 ከምናምን አገሮች ቺካጎ ተሰብስበው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አወጡ፤ አገራችንም አንዷ ነበረች። የራሳችን አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚያ በኋላ በ1938 ዓ.ም. መጋቢት ላይ መሆኑን ስታስቡ፣ አየር መንገዳችን ገና ሳይበር ሕጉ ሲወጣ እዚያ ነበርን ማለት ነው።

ያ ስምምነት ምን ይላል? አውሮፕላን እንደ መኪና ሰሌዳ አለው። የኛዎቹ “ኢቲ” ብለው ይጀምራሉ፣ የአሜሪካኖቹ “ኤን”፣ የእንግሊዞቹ “ጂ”፣ የኬንያዎቹ “5ዋይ”፣ የዱባዮቹ “ኤ6”። ከአገር አገር ለሚበር አውሮፕላን የአብራሪውን ፈቃድ የሚሰጠው ወይም የሚያጸድቀው አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር ነው። አንቀጽ 32 ነው፣ እንዳትረሱት። ስለዚህ የኛ ሰው “ኢቲ” የሚል አውሮፕላን ይዞ ዋሽንግተን ቢያርፍ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ሥራውን ለቆ እዚያው ከተማ ዳር የቆመች “ኤን” የምትል ባለ አራት መቀመጫ ሴስና ላስነሳ ቢል ግን ሕገ ወጥ ነው! ሰውዬው ያው ሰውዬ፣ እጁም ያው እጅ፤ የተለወጠው ሰሌዳው ነው።

በዚህ የተነሳ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማጽደቅ ነው። የሄድክበት አገር የያዝከውን ፈቃድ ያይና “እሺ፣ በዚህ ተመርኩዘህ ይህን ያህል መብረር ትችላለህ” ይልሃል። ይህ ወረቀት ብቻውን አይቆምም፤ የአገርህ ፈቃድ ከሞተ እሱም አብሮ ይሞታል። ሁለተኛው መለወጥ ነው፤ ፈተናውን ተፈትነህ የዚያን አገር የራሱን ፈቃድ መያዝ። ልጁ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን የያዘ መስሎት ነው ስንት ነገር የደረሰበት።

አሜሪካ እንደገባ የመጀመሪያው ሥራ ማጣራት ነው። ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን የአሜሪካው የአቪዬሽን መ/ቤት ኤፍ.ኤ.ኤ. ኦክላሆማ ሲቲ ካለው ቢሮው ሆኖ አዲስ አበባን ይጠይቃል። ከ45 እስከ 90 ቀን ይፈጃል ይላሉ። መልሱ ሲመጣ የሚሰጥህ ደብዳቤ ለስድስት ወር ብቻ ያገለግላል፤ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠቀምክበት እንደገና ከአንድ። ልጁ ደብዳቤውን ይዞ፣ ጸጉሩን ተቆርጦ፣ ክራቫት አስሮ ቢሮ ሄደ። ሰውየው ወረቀቱን አገላብጦ አየና “እንኳን ደስ ያለህ” አለው። ልጁ የሚሰጠውን ሲያየው “ፕራይቬት ፓይለት” ይላል። 4 ሺህ ሰዓት የበረረ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ለሽርሽር የሚበር ሰው የሚይዘውን ፈቃድ ተቀበለ! በዚህ ፈቃድ አንድ ብር አይሠራበትም። በውጭ ፈቃድ ተመርኩዘው ሲሰጡ ከዚህ በላይ አይሰጡም፤ ሕጉ ነው። ደመና ውስጥ በመሣሪያ ለመብረር የሚያስችለውን ጨምሩልኝ ብትል እንኳ 50 ጥያቄ ያለው ፈተና ትቀመጣለህ።

እሱንም ይዞ ወዲያው መነሳት የለም፤ ከአስተማሪ ጋር ወጥተህ “ይችላል” መባል አለብህ። አስተማሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የ22 ዓመት ጎረምሳ! ልጁ ራሱ ነው እየሳቀ ያጫወተኝ። “እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ መንገደኛ ጭኜ የኖርኩ ሰው፣ ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ ‘ዘና በል ወንድሜ’ ይለኛል” አለኝ። ከዚያ ሊያርፍ ሲል ጉድ ፈላ። የለመደው ከፍ ያለ ጋቢና ነው፤ ሴስና ላይ ደግሞ መሬት አጠገብ ነህ። ገና ሳይደርስ አፍንጫዋን ቀና ሲያደርጋት ሴስና ሆዬ ዱብ! ሦስቴ ነጠረች አለ። ጎረምሳው ምንም ሳይናገር በመስኮት ወደ ውጭ አየ። “ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር” ነው ያለኝ።

የቤት ኪራይ ግን አይጠብቅም። ታክሲ ያዘ። ዳላስ ኤርፖርት በር ላይ ተሰልፎ መንገደኛ መጠበቅ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን የሚገባበትን ሰዓት ያውቀዋል፤ በዚያ ሰዓት ከሰልፉ ይወጣል። ለምን? የድሮ ጓደኞቹ በዩኒፎርም፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ስለሚወጡ ነዋ!

ፍቅረኛው ስትደውል ምን አላት? “እየበረርኩ ነው።” ለእናቱም “እየበረርኩ ነው።” እርግጥ ነው፣ በወር አንዴ ሴስናዋን ተከራይቶ ይበራል። ውሸት ነው አይባልም፤ እውነት ነው ለማለት ግን አፍ ይይዛል።

በዚህ መሀል አንድ የበረራ ት/ቤት ሄደ (ስሙ ይቅርብን)። “አየር መንገድ ለመግባት መጀመሪያ የኛን የንግድ በረራ ፈቃድ ማውጣት ግዴታህ ነው፤ በአንድ ሞተር ጀምር” አሉት። አመነ። ለሴስና ኪራይና ለአስተማሪ በሰዓት ከ200 ዶላር በላይ እየከፈለ፣ ሌሊት ታክሲ እየነዳ፣ 100 ጥያቄ ያለውን ፈተና አጥንቶ፣ የተግባር ፈተናውን ወድቆ፣ ደግሞ ተፈትኖ አለፈ። አንድ ዓመት ከምናምን ፈጀበት። ሕጉን ከፍቶ ያየ ግን የለም። ቡና ቤት ውስጥም የሚያወራው ሁሉ “እንደ አዲስ ከዜሮ ነው የሚያስጀምሩህ” ነው። ሐበሻ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ያላየውን ያህል የሚያስረዳ የለም።

ልክ ፈቃዱን እንደያዘ 2012 ዓ.ም. መጋቢት ሆነ። ኮሮና! የዓለም አውሮፕላን ሁሉ ሜዳ ላይ ተደርድሮ ቆመ። የበረሩትም ከሥራ ሲባረሩ ማን አዲስ ይቀጥራል? ታክሲውም ቆመ፣ ኤርፖርቱም ጭር አለ።

ነገሩ የፈነዳው ከዚያ በኋላ ነው። በረራ ሲከፈት አንዲት የሰፈራችን እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ከኤርፖርት ወጥተው ታክሲ ያዙ። ሾፌሩ ዞር ሲል ካፒቴን ቁጭ! እሱ ደነገጠ፣ እሳቸው ደነገጡ። ደግ ሴት ናቸው፣ ጉንጩን ስመው መርቀውታል። ስልክ ግን አላቸው። በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ ሁሉ “ካፒቴን ታክሲ ይነዳል” ይል ጀመር። እናቱ ቤታቸውን ዘግተው ሁለት ቀን አልወጡም። ኋላ ለኔ እናት የነገሯት “ታክሲ መንዳቱ ምን ነውር አለው? እኔን መዋሸቱ ነው” ብለው ነው። ፍቅረኛው ግን አላለቀሰችም። ሦስት ዓመት ከምናምን የጠበቀች ልጅ ናት። “ታክሲ ነጂም ብትሆን እጠብቅህ ነበር” የሚል አንድ መልእክት ላከችለትና ስልኳን ቀየረች። በዓመቱ አገባች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

ወደ ልጁ እንመለስ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ አዛውንት፣ ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና ላይ የጨረሱ ሰው፣ ታሪኩን ሰሙና “ሕጉን አንብበኸዋል?” አሉት። “የትኛውን ሕግ?” “እሱ እኮ በነፃ ነው!” ብለው ተቆጡት። ቤቱ ገብቶ ሲያነብ ደነገጠ። የአሜሪካው ሕግ ለከፍተኛው፣ ማለትም ለአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ፣ ሊፈተን የሚመጣ ሰው የአሜሪካ የንግድ በረራ ፈቃድ እንዲኖረው አያስገድድም! ከቺካጎው ስምምነት አባል አገር የተሰጠ የንግድ በረራ ፈቃድ ከመሣሪያ በረራ ጋር ካለህ፣ ወይም የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ ካለህ፣ እሱን አስጣርተህ በቀጥታ ለፈተናው መቅረብ ትችላለህ። ዕድሜ 23፣ ሰዓት 1,500። እሱ ያለው 4 ሺህ! በመጣ በዓመቱ ሊጨርሰው የሚችለውን ነገር ነው ሴስና ላይ ሲያገላብጥ የኖረው።

ግን አትቸኩሉ፣ ት/ቤቱንም ሙሉ በሙሉ አልኮንንም። እዚያ ያሉ አንዳንድ አየር መንገዶች የአሜሪካ የንግድ በረራ ፈቃድ በሁለት ሞተር የያዘን ሰው ወስደው የቀረውን ወጪ ራሳቸው ይችላሉ። የሱ ግን በአንድ ሞተር ነበር፤ ለዚህኛውም ለዚያኛውም አልሆነም። ሁለት ሞተር ልጨምር ቢል ደግሞ ግሪን ካርድ ቢኖረውም ዜጋ እስካልሆነ ድረስ ከሴፕቴምበር 11ዱ አደጋ በኋላ የመጣው የጸጥታ ማጣሪያ አለ። እሱንም አለፈ።

ከዚያ ሎግ ቡኩ መጣ። ፓይለት የሚበረውን ሰዓት ሁሉ የሚመዘግብበት መጽሐፍ ነው። ከ1,500ው ውስጥ 250ው ራስህ አዛዥ ሆነህ፣ ወይም በአዛዡ ክትትል ሥር የአዛዡን ሥራ እየሠራህ የበረርከው መሆን አለበት። 500 ሰዓት ረጅም ጉዞ፣ 100 የሌሊት፣ 75 በመሣሪያ። የሱ ሎግ ቡክ ከላይ እስከ ታች “ረዳት፣ ረዳት፣ ረዳት” ይላል። ግማሹን በረራ አውሮፕላኑን የያዘው እሱ ነበር፤ ግን ለብቻ ዓምድ አልጻፈውም፣ ካፒቴኖቹም አልፈረሙለትም። ማን ያስብ ነበር? ወደ ቀድሞ መ/ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ፣ መዝገቡ ተፈልጎ እስኪመጣ ወራት ሄደ። የሚገርመው ያቺ የናቃት ሴስና አዳነችው፤ እዚያ ላይ ለብቻው የበረረው ሁሉ የአዛዥ ሰዓት ተብሎ ተቆጠረለት።

“1,500 ሰዓት ለምን?” ብዬ ጠይቄዋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በየካቲት 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) ቡፋሎ በምትባል የአሜሪካ ከተማ አጠገብ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው አለቀ። አውሮፕላኑ እሱ ስድስት ዓመት የበረረበት ዓይነት ነው፣ ኪው 400! አብራሪዎቹ ፍጥነቷ ሲወርድ በትክክል አልያዟትም ተባለ። የሟች ቤተሰቦች ምክር ቤቱን ወጥረው ያዙና እ.ኤ.አ. በ2010 ሕግ ወጣ፤ በ2013 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ረዳት አብራሪ በ250 ሰዓት መቀመጥ ይችል ነበር። የሚያስቀው፣ የሚያስቅም ከሆነ፣ የወደቀችው አውሮፕላን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 በላይ ሰዓት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ደግሞ ከጽሑፍ ፈተናው በፊት 30 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 10 ሰዓት የሲሙሌተር ልምምድ ያለው ኮርስ መውሰድ ግዴታ ሆነ። በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ከዚያ 125 ጥያቄ፣ ከዚያ የተግባር ፈተና።

አለፈ። ኮሮናው ለቆ እዚያ ፓይለት ሲጠፋ፣ በ2015 ዓ.ም. አንድ አነስተኛ አየር መንገድ ቀጠረው። ረዳት አብራሪ ሆኖ! ከ12 ዓመት በፊት የጀመረባት ወንበር ላይ። አሁን ኤርፖርት በር ላይ ሲወጣ አይደበቅም።

አሜሪካ ካልሆነስ ለምትሉ፣ አውሮፓ ይብሳል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ አብራሪ ስንት ሺህ ሰዓት ቢኖረው 13 የጽሑፍ ፈተና ይቀመጣል፤ ማለፊያው 75 ከመቶ፣ ጊዜው 18 ወር። አየር ጠባዩ፣ ሕጉ፣ ሞተሩ፣ የሰው አካልና አእምሮው ሳይቀር። እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከዚያ ሥርዓት ስለወጣች የአውሮፓውን ፈቃድ ይዘህ የእንግሊዝን አውሮፕላን ማብረር ቀርቷል፤ ሌላ ልወጣ ነው። ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ይሻላቸዋል፤ ቀጣሪው ድርጅት መጀመሪያ ይቀጥርሃል፣ ከዚያ ወረቀቱን እሱው ይዞልህ ይሄዳል።

በተቃራኒው አሜሪካ ሄዶ፣ የቤተሰብ ቤት ተሽጦለት፣ በ250 ሰዓት የንግድ በረራ ፈቃድ ይዞ የሚመለስም አለ። ያም ወረቀት እዚህ ሲመጣ እንደዚሁ ከኦክላሆማ ተጣርቶ፣ ጤናው ተመርምሮ፣ የኛን ሕግ ተፈትኖ ነው። ቤት ለመሸጥ የምታስቡ ወላጆች ካላችሁ ደላላውን ከመጥራታችሁ በፊት የኛን ሲቪል አቪዬሽን ሄዳችሁ ጠይቁ።

አሁን ወዳንቺ፣ እህቴ። እጮኛሽን ዛሬ ማታ ሎግ ቡኩን አምጣ በይው። አትፈሪ፣ አንቺ ባትረዺውም እሱ ይረዳዋል። የአዛዥ ሥራ እየሠራ የበረረውን ለብቻ ጽፎ እያስፈረመ ነው ወይ? ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ምንድነው? ኤም.ፒ.ኤል. የሚሉት ከሆነ፣ ያ በሁለት አብራሪ አውሮፕላን ላይ ረዳት ለመሆን ብቻ የሚሰጥ ነው፤ አሜሪካ እንዲህ ዓይነቱን ፈቃድ ስለማትሰጥ ሒሳቡ ይለወጣል። የእንግሊዝኛ ደረጃው ስንት ነው? ከስድስቱ ቢያንስ 4 ያስፈልጋል፤ 4 ያገኘ በየሦስት ዓመቱ ይፈተናል፣ 6 ያገኘ ዳግም አይፈተንም። ከመሄዱ በፊት የኢትዮጵያ ፈቃዱን ያሳድስ፣ የበረራ መዝገቡን በማኅተም ያስወጣ። ውሉን ጨርሷል ወይ? ዋሱ ማን ነው? ያንቺ አባት እንዳይሆኑ!

ስድስት ወር የሚለውን ይተው። ሁሉም ከተሳካለት አንድ ዓመት ከምናምን፣ ሰዓቱ ካልሞላ ሁለትና ሦስት። በዚያ መሀል ታክሲ ሊነዳ ይችላል፣ መጋዘን ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ይህንን አፉን ሞልቶ ካሁኑ ከነገረሽ ጠብቂው እላለሁ። “እኔ? ታክሲ?” ብሎ ከተቆጣ ግን ደግመሽ ጻፊልኝ።